ከእናቴ መጸዳጃ ቤት ግድግዳ አልወጣ ስላለው መሰርሰሪያዎ

ለተከበሩ የሕንፃ ጥገና ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤንነት፣ በተለይም ለወገብዎና ለጉልበትዎ ጽናት ያለኝን መልካም ምኞት በትሕትና እገልጻለሁ። እኔም ሆንሁ እናቴ በሕይወት አለን፤ ግድግዳችን ላይ የተሰቀለው መሰርሰሪያዎም ደህና ነው።

እርስዎ ባያስታውሱትም መዝገብዎ እንደሚያስታውሰው፣ እናቴ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ወድቃ የዳሌ አጥንቷ ስለተሰነጠቀ፣ ከመቀመጫው አጠገብ ተደግፋ የምትነሳበት የብረት መያዣ እንዲገጠምላት ሐኪሟ አዘዙ። ብረቱን እኔው ገዛሁ። ግድግዳውን በራሴ እንዳልበሳ ግን የኪራይ ውላችን ስለሚከለክል ክፍልዎን ለመንሁ፤ እርስዎም ሳይውሉ ሳያድሩ ባይሆንም በሰባተኛው ሳምንት ባለሙያ ላኩልኝ፤ ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። ቅሬታ በቁጥር ካልቀረበ እንደማይነበብ ጸሐፊዎ ስላስረዱኝ፣ እነሆ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ባለሙያዎ የመጀመሪያውን ቀዳዳ ያለ ችግር በሳው። ሁለተኛው ላይ ግን ፑንታው፣ ማለትም ግድግዳ የሚበሳው ሹል ብረት፣ ኮንክሪቱ ውስጥ ፌሮ ብረት አገኘና ወደፊትም ወደኋላም አልል ብሎ ቀረ። ባለሙያው ፑንታውን እዚያው ትቶ መሰርሰሪያውን ይዞ ለመሄድ ቢሞክር፣ ፑንታውን ነክሶ የሚይዘው አፍ፣ እነሱ ቻክ የሚሉት፣ አልከፈት አለ። በቁልፉ ታገለው፣ በፒንሳ ታገለው፣ በመዶሻ መታው፤ በመጨረሻም እጁን ጠራርጎ ነገ እመለሳለሁ አለኝ። ክፍልዎ የራሱ የቀን አቆጣጠር ስላለው በነገ ትርጉም አልከራከርም። መሰርሰሪያው ግን አፍንጫውን ግድግዳው ውስጥ እንደቀበረ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ሁለተኛ፦ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ የመጡት ዋና ባለሙያዎ አዋቂ ሰው ናቸው፤ አረፍ ብለው በሰፊው አስረዱኝ። አፉ ካልተከፈተ ቻኩን ራሱን ከመሰርሰሪያው ፈትቶ መለየት ይቻላል። ቻኩን የያዘው ብሎን ግን የሚገኘው እዚያው አፉ ውስጥ፣ ከጉሮሮው ሥር ነው። ብሎኑ ላይ ለመድረስ ፑንታው መውጣት አለበት፤ ፑንታው እንዲወጣ አፉ መከፈት አለበት፤ ቻኩን መፍታት ያስፈለገውም አፉ አልከፈት ስላለ ነው። ሦስት ጊዜ ደጋግመው አስረዱኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ ገባኝ። ሲወጡ ደግሞ፣ ያ ብሎን ቢገኝ እንኳ እንደ ሌላው ብሎን ወደ ግራ ሳይሆን ወደ ቀኝ እንደሚፈታ ነገሩኝ። ግራ የገባኝ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ብሎኑም ግራ ገብቶታል።

ሦስተኛ፦ ሌላ መሰርሰሪያ ወጥቶ ሥራው እንዲያልቅ ንብረት ክፍልዎን ጠየቅሁ። የንብረት ኃላፊዋ ወንበር ስበው ካስቀመጡኝ በኋላ፣ ፊተኛው ሳይመለስ ሌላ እንደማይወጣ ገለጹልኝ። እንግዲያው ፑንታውን በመጋዝ ቆርጠን ፊተኛውን እንመልሰው ብል፣ ያ ንብረት ማጥፋት ነው አሉኝ፤ ንብረት ለማጥፋት የእርስዎ ፊርማ ያስፈልጋል፤ እርስዎ ደግሞ ዕቃው ፊትዎ ቀርቦ ካላዩት አይፈርሙም። ግድግዳውን ተሸክሜ ልምጣ ወይ ብዬ ጠይቄ ነበር፤ የግድግዳ ማስገቢያ ቅጽ ስለሌለ አይቻልም ተባልሁ። ቻኩ ከእናንተ ይማር ወይም እናንተ ከቻኩ፣ እስካሁን መለየት አልቻልሁም።

አራተኛው ቅሬታ ሳይሆን ኑዛዜ ነው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ባለፈው እሑድ እኔው ራሴ ዘይት አፈሰስሁበት፣ በፀጉር ማድረቂያ አሞቅሁት፣ በጨርቅ ጠቅልዬም በሁለት እጄ ጠመዘዝሁት። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከመቀስ የከበደ ብረት ይዤ አላውቅም። ያተረፍሁት የእጅ ወለምታ ብቻ ነው፤ ቻኩ ንቅንቅ አላለም።

አምስተኛ፦ በዚህ መሐል ክፍልዎ ማስጠንቀቂያ ጻፈልን። እናቴ ሌላ የምትይዘው ስላልነበራት የተንጠለጠለውን መሰርሰሪያ እየተደገፈች ትነሳ ነበር፤ ዋና ባለሙያዎም ይህን አይተው ሪፖርት አድርገዋል። ደብዳቤው «የክፍሉን ንብረት ከታለመለት ዓላማ ውጭ ሲደገፉበት ስለተገኙ ከድርጊትዎ እንዲቆጠቡ» ይላል። ማኅተሙ በጣም ያምራል። እናቴ ማኅተም ያለበትን ነገር የምታከብር ሰው ስለሆነች፣ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አስነብባኝ ከዚያ ቀን ጀምሮ መሰርሰሪያውን አልነካችም።

ስድስተኛ የምለውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ጠዋት ወደ ሱቄ ስሄድ አልጋዋ አጠገብ አንድ ጆግ ውሃ ሞልቼ አስቀምጥላታለሁ፤ ጎረቤቶቻችንም ቀን ቀን ሥራ ላይ ስለሆኑ እስክመለስ ብቻዋን ነች። ባለፈው ሳምንት ሦስት ቀን ሙሉ ማታ ስመለስ ጆጉ እንደሞላ አገኘሁት። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አሞሻል ወይ አልኋት፤ አላመመኝም አለች። ታዲያ ለምን አትጠጪም ብዬ ስጨቀጭቃት፣ «ካልጠጣሁ አልሄድ፣ ካልሄድኩ አልወድቅ። አንተ ደግሞ ለእኔ ብለህ ከሰው አትጣላ፣ ልጄ» አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ አንድ መያዣ ማስገጠም ያቃተኝ ልጅ በመሆኔ አፈርሁ፤ ኩሽና ገብቼም አለቀስሁ። ማልቀስ ለዚህ ሥራ የሚረዳ መሣሪያ ባይሆንም፣ ያለ ቅጽና ያለ ፊርማ የተፈቀደልኝ እሱ ብቻ ነው። እንደሚያዩት ትእዛዟን አክብሬ ከሰው አልተጣላሁም፤ እያመሰገንሁ ነው።

እንግዲህ ለክፍልዎ ወደር የለሽ ጥንቃቄ፣ ለባለሙያዎችዎ ማብራሪያና ለማኅተምዎ ውበት ከወገቤ ጎንበስ ብዬ ምስጋናዬን አቀርባለሁ፤ ጎንበስ ብሎ ያለ ድጋፍ ቀና ማለትም ትልቅ ጸጋ መሆኑን በእርስዎ ዘመን ስለተማርሁ፣ ለዚህም ባለውለታዎ ሆኜ እኖራለሁ።

ታዛዥዎ፣
የሦስተኛው ፎቅ ተከራይ ልብስ ሰፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ማስጠንቀቂያውን ፈርሜ ልቀበል ቢሮዎ በመጣሁ ዕለት፣ በጸሐፊዎ ፈቃድ በእርስዎ መጸዳጃ ቤት ተጠቅሜ ነበር። ከመቀመጫው በግራና በቀኝ ሁለት የሚያብረቀርቁ መያዣዎች ተገጥመዋል፤ በአንዱ ላይ የወለል መወልወያ ጨርቅ፣ በሌላው ላይ ጃንጥላ ተሰቅሏል። ሁለቱንም በሙሉ ኃይሌ ነቅንቄ አየኋቸው፤ ንቅንቅ አይሉም።