ግራዝማች ያልተቀመጡ ዕለት

መስከረም 3 ቀን 1974 ዓ.ም.፣ ቢቸና

እሑድ። ዝናቡ አባርቷል። ሞተሯን ሳጥብ ዋልኩ። የዚህ ሳምንት ተራ የእኔ ነው። ሦስት ባለቤት ነው ያላት፤ እኔ፣ ይግዛው ልብስ ሰፊውና መምህር ኃይለ ጊዮርጊስ። የጤና ጣቢያው ሰውዬ ወደ ጎሬ ሲዛወር ተረባርበን ገዛናት። ከተማው "ወይዘሮዋ" ይላታል። እውነቱን ነው። ቀይ ናት። ኒኬሏ ጢም ያስላጫል። ወገቧ ዝቅ፣ መሪዋ እንደ በሬ ቀንድ ቀና ያለ። እግር ወደ ፊት ተዘርግቶ ነው የምትነዳው። ከሩቅ ላየው ሰው ነጂው ሥራ ያለው አይመስልም፤ ተንጋሎ ግብር የሚቀበል ባላባት እንጂ። (ባላባት ማለት ክልክል ነው እንዴ? ለራሴ ነው የምጽፈው።)

ምቾቷስ? ... ይኼን ባንነካካው።

ትናንት በአብዮት በዓል ሰልፍ ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር ካልነዳኋት አለ። "በጋራ የተያዘች ሞተር ለሰፊው ሕዝብ ምሳሌ ናት" ብሎ። ሰልፉን በእግር ፍጥነት መራ፣ ማርሚታዋ፣ የጭስ ማውጫ ቱቦዋ፣ ቁርጭምጭሚቱን ጠበሰችው። ሲወርድ ያነክሳል። "እንዴት ነበረች፣ ጓድ?" ብለው "ታጋይ ናት" አለኝ።

መስከረም 16

ይግዛው ከደብረ ወርቅ ገበያ ተመለሰ። ሱቁ ጎራ ብል ቆሞ ይሰፋል። የስፌት መኪና ቆሞ ሲረገጥ አይቼ አላውቅም።

"ምነው?"

"ዝም በል። ያቺ ሞተርህ እያንዳንዱን ጠጠር በስሙ አስተዋወቀችኝ።"

ስትመች የእኛ ናት፣ ስትቆረቁር የእኔ።

ኃይለ ጊዮርጊስ ደግሞ "ሶፋ ናት፣ ሶፋ!" ይላል። እሱ ምን አለበት... ሶፋውን ይዞ ነው የተወለደው። ደግሞስ ከትምህርት ቤት እስከ ጠጅ ቤት ካልሆነ የት ነዳት? ይግዛው ምስኪኑ አጥንትና ቆዳ ነው። ሁለቱ በተገናኙ ቁጥር ጭቅጭቅ። መጨረሻ ላይ ወደ እኔ ይዞራሉ፣ ፍርድ ቤት መዝገብ ስለምጽፍ ዳኛ እመስላቸዋለሁ። "ደምለው፣ አንተ ፍረድ። ትመቻለች፣ አትመችም?"

"ትመቻለች" አልኩ።

ለምን ዋሸሁ? ሰብለ ወንጌል ናታ። የሞጣ ጤና ጣቢያ ድሬሰር። ሐምሌ ላይ ለሥልጠና እዚህ መጥታ ሞተሯ ላይ አየችኝና "ያምርብሃል" አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወገቤ አቤቱታ የማቅረብ መብቱ ተገፏል።

ጥቅምት 23

በሆዴ ተኝቼ ነው የምጽፈው። ቅዳሜ ሞጣ ሄጄ ትናንት ተመለስኩ።

ሰብለ ወሬ ይዛ ጠበቀችኝ። ደጀን ያለ አንድ የነዳጅ መኪና ሾፌር ሽማግሌ ልኮባታል። ዓባይ ድልድይ ላይ እንደ ጓሮው የሚመላለስ፣ ጋቢናው ምንጣፍ የተነጠፈበት ሰው...

"አባትሽ ምን አሉ?"

"'እንምከርበት' ብለው ሰደዷቸው። ኅዳር ስምንት ለመልስ ይመጣሉ።"

"አንቺስ?"

"እኔማ ያንተን ሽማግሌ እጠብቃለሁ። አባቴ አንዴ ቃል ከሰጡ አይመልሱም። ቶሎ በል።"

አባቷ መሪጌታ አካለ ወልድ ናቸው። የቅኔ መምህር። ቅኔ ያበላሸ ተማሪ ከአለንጋቸው አያመልጥም ይባላል። እኔ ደግሞ ቅኔ ሲባል ገና ያልበኛል።

ሽማግሌ እነማን ይሁኑ? ቄስ ይርጋ፣ የነፍስ አባቴ። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር። ሦስተኛው ግን ግራዝማች ገላው ካልሆኑ መሪጌታ በራቸውንም አይከፍቱ። የሟች አባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው።

ጥቅምት 26

ግራዝማች እሺ አሉ! በቀበሌ ወረቀት "ጓድ ገላው" ናቸው፤ መንገድ ላይ ግን ሊቀመንበሩ ራሱ "ግራዝማች" ብሎ ነው ባርኔጣውን የሚያነሳላቸው። በአካባቢው በበቅሎ ጉዳይ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ እሳቸው ናቸው። አውቶቡስ ያስመልሳቸዋል። ስለዚህ በበቅሏቸው ቀደም ብለው ይነሳሉ። ቄስ ይርጋና ዳይሬክተሩ በዋዜማው በአውቶቡስ። ቀኑ ኅዳር ስድስት፣ እሑድ።

ስወጣ ወይዘሮዋን ዞር ዞር ብለው አዩአት። "መልኳ ደህና ነው" አሉ። "ጀርባዋ ግን ጨካኝ ይመስላል።"

ኅዳር 4

በቅሎዋ አነከሰች! ዛሬ ሊነሱ ሲሉ። ሰኮናዋ ውስጥ ስባሪ ብረት ገብቶ። አሁን ምን ይሁን? ማክሰኞ የሾፌሩ ሽማግሌዎች መልሳቸውን ይቀበላሉ። በእግር አይሞከር። ሌላ በቅሎ ላይ አልወጣም ይላሉ፣ "የማላውቃት" ብለው።

ወይዘሮዋ ትዝ አለችኝ። ተራው የይግዛው ነበር። "ውሰዳት፣ አትመልሳት" አለኝ።

ግራዝማችን ለመንኩ። ከዘራቸውን ተደግፈው ሰሙኝ።

"ይመቻል?"

"እንደ ዙፋን!"

"ዙፋን አትበል፣ ሰው ይሰማሃል። ይሁን፣ እሑድ በጠዋት ና።"

ሚስታቸው እትዬ ባንቺዓለም ሮጠው ትራስ አመጡ። "ትራስ ይዞ መንገድ የሚሄድ በሽተኛ ነው" ብለው መለሱት። ወየው...

ኅዳር 7፣ ሞጣ

ከየት ልጀምር?

ትናንት ጎህ ሳይቀድ ተነሳን። ግራዝማች ነጭ ጋቢ፣ ባርኔጣ፣ ከዘራ። እስከ ደብረ ወርቅ ቻሉት። ከዚያ ወዲህ በየጉድጓዱ አንድ ቅዱስ ይጠሩ ጀመር። ግንደ ወይን ስንደርስ ቅዱሳኑ አለቁባቸውና ወደ እኔ ዘር ማንዘር ዞሩ (ዘሬ ውስጥ እሳቸውም አሉበት)። ጀርባዬን በከዘራቸው ነካ አደረጉ።

"አንተ ልጅ፣ ይቺ ነገር ሞላ የላትም?"

"አላት፣ ግራዝማች።"

"ለማን ነው ያስቀመጠችው?"

ሞጣ ስንገባ ደግፌ አወረድኳቸው። እግራቸው እንደተከፈተ ቀረ። ፈራሁ። "እንመለስ ይሆን?" አልኩ። "ምን ልናደርግ መጣን?" አሉና ቄስ ይርጋንና ዳይሬክተሩን አስከትለው ገቡ። ጠያቂው ራሱ ከሽማግሌ ጋር አይገባም። እኔ ጤና ጣቢያው አጥር ሥር ጥፍሬን ስበላ ቆየሁ።

የሆነውን የነገሩኝ ቄስ ይርጋ ናቸው። እንደ ወጉ ቆመው ጠየቁ፦ ልጅዎን ለልጃችን። መሪጌታም እንደ ወጉ "እስቲ ተቀመጡ፣ እንምከርበት" አሉ። ከዚህ በኋላ ሽማግሌ ቁጭ ይላል፣ ጠላ ይቀምሳል፣ "ሌላ ቀን ተመለሱ" ተብሎ ይሸኛል። ሁለቱ ቁጭ አሉ። ግራዝማች ግን ቆመው ቀሩ።

"ግራዝማች፣ ይቀመጡ እንጂ።"

"ደህና ነኝ።"

"ኧረ በጊዮርጊስ!"

"ቆሜ እሰማለሁ።"

ዳይሬክተሩ ጋቢያቸውን ጎተት ቢያደርግ አልተነቃነቁም። ጠላ መጣ፣ ቆመው ጠጡ። ሴቶቹ በጓዳ በር ብቅ እያሉ "ምን ያለ ሽማግሌ ነው! ልጅቷ እስክትሰጥ አልቀመጥም ማለቱ እኮ ነው!" ተባባሉ። መሪጌታ ቀና ብለው ግራዝማችን አዩ። ብዙ አዩአቸው። በመጨረሻ "እርስዎን የሚያህል ሰው አቁሜ ሌላ ቀን ኑ አልልም" አሉ። "ሰጥቻለሁ።"

ሰጥቻለሁ!

ግን እሺ ከተባለ በኋላ መቀመጥ ግድ ነው። ግራዝማች ቀስ... ቀስ... ብለው መደቡን ሲነኩ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ሴቶቹ የደስታ መስሏቸው እልልታውን አቀለጡት።

ኅዳር 11፣ ቢቸና

ግራዝማች በአውቶቡስ ተመለሱ። ቆመው። እያስመለሳቸው። ልጠይቃቸው ስሄድ በሆዳቸው ተኝተዋል፣ እትዬ ባንቺዓለም ቅቤ ያቀልጣሉ። "እንኳን ደስ ያለህ" አሉኝ፣ ሌላ ምንም። እትዬ ባንቺዓለም ግን ሰላምታዬንም አልመለሱ።

የሾፌሩ ሽማግሌዎች ባዶ እጃቸውን ተሸኝተዋል። ደስ ሊለኝ ይገባል። ደስ ብሎኛልም። ግን ወይዘሮዋን ሳያት አፈርኩ። ኒኬሏ ውስጥ ያየሁት ፊት የውሸታም ፊት ነው።

ኅዳር 20

ኃይለ ጊዮርጊስ አፉ ይቆረጥ! ጠጅ ቤት ዘረገፈው። "ደምለው ሚስት ያገኘው በግራዝማች ቂጥ ነው! 'ትመቻለች' ብሎ ጭኗቸው!" ቤቱ በሳቅ ተንከባለለ። እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። ከዚያ ቀና ስል የሞጣው አውቶቡስ ረዳት ጥግ ላይ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ነገ ወሬው ሞጣ ነው።

መሪጌታ ተታለልኩ ካሉስ? ቃላቸውን አይመልሱም ይባላል... ግን ላታለላቸው ሰውም ቢሆን? ሰብለን ባጣትስ?

ኅዳር 24

ረዳቱ መልእክት አመጣ። "መሪጌታ ይፈልጉሃል። በዚያችው ሞተር ይምጣ ብለዋል።" እህል አልወርድ አለኝ። ጾም ነው ብዬ አመካኘሁ።

ኅዳር 28

ትናንት ከሞጣ ተመለስኩ።

መሪጌታ ደጅ ቆመው ጠበቁኝ። ወይዘሮዋን ዞሯት። የኋላውን መቀመጫ በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት። ምንም አልጎደጎደም።

"እዚህ ላይ ነው?"

"አዎ፣ የኔታ።"

"ግራዝማችን ምን ብለህ አወጣሃቸው?"

"ይመቻል ብዬ..."

ሰብለ በሩ ጀርባ ነበረች። የነጠላዋ ጫፍ ይታየኛል። አሁን ያባርሩኛል ብዬ መሬት መሬት አየሁ።

"ዕድሜ ልኬን ተማሪ ስገርፍ የኖርኩ ሰው ነኝ" አሉ። "መቀመጥ ያቃተውን አልቀመጥም ካለው መለየት ያቅተኛል? ገና በሩን ሲያልፉ አውቄአለሁ።"

"ታዲያ ለምን ሰጡኝ?"

"የሾፌሩ ሽማግሌዎች በጋቢና መጡ፤ በሉ፣ ጠጡ፣ የልጁን ስም እንኳ እርስ በርስ እየተራረሙ ሄዱ። አንተ ግን እንዲያ ሆኖ የሚመጣልህ ሰው አለህ። ሰው ላለው ሰው ብዬ ሰጠሁ። ዋሽተህ እንደጫንካቸው የሰማሁት ኋላ ነው።" ድምፃቸው ከረረ። "ለሠርጉ ግራዝማች በበቅሏቸው ይምጡ። ልጓሙን የምትይዘው አንተ። በእግርህ፣ ከቢቸና እስከዚህ በር። አለዚያ ቃሌን አንስቻለሁ።"

የቅኔ ቤት ፍርድ ይግባኝ የለውም።

ጥር 14፣ ግንደ ወይን

እግሬ ውሃ ቋጥሯል። ጫማዬ ሞተር ላይ ለመታየት እንጂ ለመንገድ አልተሠራም። በቅሎዋ ድናለች። እንዴት እንደምትሰግር! ግራዝማች ላይዋ ላይ ያንቀላፋሉ። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያየኛል። አንዲት አሮጊት "አባቱን እንዲህ የሚያከብር፣ ተባረክ!" አሉኝ። ምን ልበላቸው? ተፈርዶብኝ ነው ልበል?

ወይዘሮዋ አለፈችን። ሚዜዎቼ ናቸው። ኃይለ ጊዮርጊስ እየነዳ "ሶፋ ናት!" ብሎ ይጮኻል። ይግዛው ከኋላው መርገጫው ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አቧራ አልብሰውን ሄዱ።

ግራዝማች በጩኸቱ ነቁ።

"ይመቻል ስትለኝ መዋሸትህን አውቄ ነበር" አሉ ድንገት።

"ታዲያ ለምን ወጡ?"

"ልጅቷ ልትሄድብህ ነበር። አባትህ ቢኖር እሱ ይወጣ ነበር።"

መልሰው አንቀላፉ። እኔ ልጓሙን ይዤ አለቀስኩ። እጽፈዋለሁ፣ ማን ያየኛል? እነዚያን ሁሉ ጉድጓዶች እያወቁ ነው የተቀመጡባቸው። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ የማስበው ሰብለ ከሩቅ ስታየኝ ማማር አለማማሬን ነበር።

ጥር 15፣ ሞጣ

ደረስን። ሠርጉ ነገ ነው።

መሪጌታ በራቸው ላይ ቆመው ከሩቅ ጀምሮ ሲያዩን ነበር። ግራዝማች ከበቅሎዋ ወርደው ደጁ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ማንም ሳይለምናቸው።

ሰብለ በጣሳ ውሃ ይዛ ወጣች። ሙሽራ በዋዜማው ደጅ አትወጣም እያሉ አክስቶቿ ከኋላ ይጮኻሉ። መጀመሪያ ለግራዝማች ሰጠች፣ ጎንበስ ብላ። ቀጥላ በቅሎዋን አጠጣች። እኔ ሦስተኛ ነኝ። ከንፈሬ ደርቋል፣ አቧራ ለብሻለሁ፣ አንድ እግሬ ጫማ የለውም። "ያምርብሃል" የሚባልበት ቀን አልነበረም። ጣሳውን ልቀበል እጄን ስዘረጋ ከነልጓሙ ያዘችው። አባቷ እያዩ። አልለቀቀችኝም። መሪጌታ አዩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ፊታቸውን ወደ በቅሎዋ አዞሩ።