በደጃፌ ስለተቀመጠልኝ ወንበር የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የ«አንኳኪው» ተከታታይ ፊልም አድናቂዎች ማኅበር ሊቀመንበር፤

ጉዳዩ፦ ለቤተሰቤ ስለተደረገው ያልተቋረጠ እንክብካቤ ምስጋና ስለማቅረብ፣ ደግሞም ሟች እህቴ ትታልኝ ስለ ሄደች ልጅ።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ የቤትዎ ደጃፍም ከማያውቁት እጅ የተጠበቀ እንዲሆን እመኝልዎታለሁ። ይህ የመጨረሻው ምኞት በደብዳቤ ላይ የተለመደ አለመሆኑን አውቃለሁ፤ እኔም እስካለፈው ወር ድረስ ለማንም ተመኝቼው አላውቅም ነበር። በግል ልልክልዎ የሚገባኝን በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። እርስዎ ስለ ቤታችን የሚያስቡትን ሁሉ በአደባባይ ሲያስታውቁ ከርመዋልና፣ እኔ በጓዳ ብመልስልዎ ውለታ መብላት ይሆንብኛል።

እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ሰዋስውና ግብረ ገብ ሳስተምር የኖርኩ፣ የሲኒማ ቤትን የውጭ ግድግዳ እንጂ የውስጡን ጨለማ የማላውቅ ሽማግሌ ነኝ። አብራኝ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ግን ቀን መነጽር ቤት ተቀምጣ የሰው ዓይን ስታቃና ትውላለች፤ ማታ የራሷን ዓይን በፊልም ታደክማለች። እኔ የጥንት መምህሮቼን በማነሣበት አክብሮት እሷ ዳይሬክተሮቿን ታነሣለች። ይህኛው ብርሃን ያውቃል፣ ያኛው ዝምታ ያውቃል፣ ሌላው ደግሞ ተዋናዩን ሳይሆን የተዋናዩን ጀርባ ማናገር ይችላል እያለች በማዕድ ላይ ስትተነትን፣ ነገሩ ባይገባኝም ጉርሻዬ እጄ ላይ ይደርቃል። በማኅበርዎ ገጽም ዓመታት ያስቆጠረች አባል ነበረች።

ጋዜጣውን ለሚያነብና ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። «አንኳኪው» እስካሁን ስድስት ክፍል የወጣለት፣ ሰባተኛውም የፊታችን ቅዳሜ የሚታይ ፊልም ነው። ፊቱን የማናየው አንድ ሰው «ከድተዋል» ያላቸውን ሰዎች ቤት እየዞረ በምልክት ያስጨንቃል። የእህቴ ልጅ ስለዚሁ ፊልም አስተያየቷን በገጽዎ ላይ አካፈለች። አራተኛው ክፍል ድንቅ ነበር፤ ዳይሬክተሩ ያን ጊዜ ፍርሃትን ከሰው ዓይን ያወጣ ነበር፤ ከአምስተኛው ወዲህ ግን የሚያስፈራን በጩኸት ነው አለች። ከዚያም እኔን ራሴን ሳልወድ ያሳቀችኝን ዓረፍተ ነገር አከለች፦ «አንኳኪው ከእንግዲህ የሚያንኳኳው በራችንን ሳይሆን ኪሳችንን ነው፤ ሰባተኛው ባይሠራ ይሻል ነበር።»

በቃ፣ ወንጀሉ ይኸው ነው።

እርስዎም ጽሑፏን ሁሉም እንዲያየው ከገጹ አናት ላይ ሰቀሉላት፤ ከበላዩም በራስዎ እጅ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «አስተያየት የሁሉም መብት ነው። ወገኖቼ፣ መልሳችሁን በአንኳኪው ቋንቋ አካፍሏት።» ስለ ጨዋነትዎ ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚያሻው ሰው ቢኖር፣ ከዚያ ቀን ወዲህ የተደረገልንን በቁጥር ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ በማግስቱ በበራችን እጀታ ላይ ንጹሕ ቀይ ሪባን ታስሮ አገኘሁ። ሥራው ያማረ ስለነበር አንዱ የቀድሞ ተማሪዬ አስታውሶኝ ነው ብዬ ፈታሁትና ለጸሎት መጽሐፌ ዕልባት አደረግሁት። የእህቴ ልጅ ያንን መጽሐፍ ስለማትገልጥ አላየችውም። አድናቂዎችዎ ስጦታቸው የት እንደ ዋለ ቢያውቁ ደስ ይላቸው ይሆናል፤ ይኸው አሁን ነገርኋቸው።

ሁለተኛ፣ የደረጃችን አምፖል ጠፋ። የሕንፃውን ዘበኛ ጠርቼ በኃይለ ቃል ገሠጽኩት። ሰውየው «ጋሼ፣ እኔ አምፖል ምን ያደርግልኛል? ቤቴ መብራት የለው» አለኝ፤ አላመንኩትም። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ይህን ይቅርታ እርስዎ ሊጠይቁት ይገባ እንደነበር ግን አልሸሸግሁትም።

ሦስተኛ፣ ወንበሩ። ከገበያ ስመለስ፣ በዚያው በጨለመው ደረጃ እየተንገዳገድሁ ስወጣ፣ ደጃፌ ላይ ፊቱን ወደ በሩ ያዞረ ባዶ የእንጨት ወንበር ቆሞ አገኘሁ። ክቡር ሊቀመንበር፣ እኔ ጉልበቴን የሚያመኝ ሰው ነኝ። ተቀመጥኩበት። ደጃፌን እያየሁ ትንፋሼን ሰብስቤ፣ ወንበሩን ያኖረልኝን ሰው ድምፄን ከፍ አድርጌ መረቅሁት። የእህቴ ልጅ በሩን ከፍታ ተቀምጬ ስታየኝ የያዘችው ብርጭቆ ከእጇ ወደቀ። ከስብርባሪው መካከል ቆማ ነው ሁሉንም የነገረችኝ። አንኳኪው ቤት ሲመርጥ አስቀድሞ ቀይ ሪባን ያስራል፤ ቀጥሎ መብራት ያጠፋል። ወንበሩ በስድስተኛው ክፍል ፍጻሜ ብቻ የታየ አዲስ ምልክት ነው። ወንበሩ ከተቀመጠ በኋላ የሚሆነውን ማንም አያውቅም፤ አድናቂዎችዎ ዓመት ሙሉ የተከራከሩበት ጥያቄም ይኸው ነው።

ያን ዕለት ምሽት ደግሞ ፎቶግራፌ በገጽዎ ላይ ወጣ። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ፣ ራሰ በራዬ ከላይ ወደ ታች ታይቶ። አስተያየቱም እንደ ጎርፍ ወረደ፦ «ሽማግሌው ተሠዋላት!»፣ «ጋሼ፣ ፈንዲሻ ይጨመርልዎ?»፣ «ይሄማ ከሰባተኛው ይበልጣል!»፣ «እንዲህ ዓይነት ካሜራ አያያዝ የሚያውቀው ጌታችን ዳይሬክተሩ ብቻ ነው።» ስለ ካሜራ አያያዝ አላውቅም። የማውቀው ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ተከራይ ከለቀቀው ወራት መቆጠራቸውንና ፎቶግራፉ የተነሣው ከዚያ መሆኑን ነው። ስመርቅ ሰምቶኝ ኖሯል። ሳል እንኳ አላመለጠውም።

አራተኛ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ተረኛው በትዕግሥት አዳምጦ፣ «አባቴ፣ ወንበር ሰጡዎት እንጂ ወሰዱብዎት?» ሲል ጠየቀኝ። ጓደኛው በበኩሉ ከኋላው አንገቱን አስግጎ፣ ሰባተኛው ላይ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ማን ይመስልዎታል አለኝ። እንግዲህ ማኅበርዎ በየትኛው ቤት አባል እንደሌለው ለማወቅ ቸግሮኛል።

አምስተኛ፣ ይህን ቁጥር ባዶ ትቼዋለሁ። ቅዳሜ ፊልሙ ሲወጣ የሚሞላ ይመስለኛል።

ከዚህ በኋላ የእህቴን ልጅ አልጋ መስኮት ወደሌለው የኋላ ዕቃ ቤት አዛወርን። እኔና እሷ ብቻ፣ በሩን ዘግተን፣ አልጋውን በየጫፉ ይዘን፣ ለጎረቤትም ለዘመድም ትንፍሽ ሳንል። ጽሑፉን አጥፊውና ነገሩ ይብረድ ብዬ ለመንኳት። ይህን መለመኔን የምጽፈው በኀፍረት ነው። እሷም ትራሷን እያስተካከለች፣ «ጋሼ፣ እውነት የተናገረ ሰው ቃሉን መልሶ አይውጥም ብለው ያሳደጉኝ እርስዎ አይደሉም? በአንድ ወንበር የተነሣ ትምህርቱ ይለወጥ?» አለችኝ።

ስለዚህም ካፖርቴን ለብሼ ወደ ቢሮዎ መጣሁ። ከሲኒማ አዳራሹ በላይ ባለው ክፍል፣ ከትልቁ የግድግዳ ማስታወቂያ ሥር ተቀብለውኛል። በማስታወቂያው ላይ አንድ የተዘጋ በር ተሥሎበታል፤ ከሥሩም «በቅርብ ቀን» ከሚለው በቀር ምንም አልተጻፈበትም። ውሃ በገዛ እጅዎ ቀድተው አቀረቡልኝ። «አባባ፣ ልጆች ናቸው፤ ፍቅር ነው፤ ፊልሙን ከመውደዳቸው የተነሣ ነው» አሉኝ። የእህቴ ልጅ ጽሑፏን አንሥታ ይቅርታ ብትጠይቅ፣ እርስዎ አንድ ቃል ብቻ ተናግረው ነገሩን እንደሚያበርዱት ቃል ገቡልኝ። የአንድ ቃል ኃይልዎን ስላሳወቁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። በአንድ ቃል የሚቆሙ ከሆነ በማን ቃል እንደ ተነሡ መጠየቅ አይኖርብኝም። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል፤ እኔ ግን በዚህ ዕድሜዬ ቀዳጁ ጅቡን በስሙ እየጠራ ሲያስገባው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ልመናዬ አጭር ነው። ያ ጽሑፍዎ ከገጹ አናት ላይ ይውረድ፤ በምትኩም በእጅዎ «ከዚያ ቤት ደጃፍ ራቁ» ብለው ይጻፉ፤ ይህም ከቅዳሜ በፊት ይሁን። የእህቴ ልጅ አስተያየት ግን ባለበት ይቆያል። አንድ ፊልም ደክሟል የተባለበት ሰው ቢከፋ አይገርመኝም፤ ፊልሙን ደካማ ያለችውን ልጅ ቤት የሚያስከብብ ጥበብ ግን ከሰባትም በላይ ቢራባ ጥበብነቱ አይታየኝም።

የማኅበርዎ አባል ያልሆንኩ፣ ሆኖም የሰባተኛውን ክፍል መውጣት ከአባላትዎ ሁሉ አብልጬ የምጠባበቅ፤ ፊልም ሳላይ በፊልም ውስጥ የተገኘሁ፤ በርና መስኮቴን ቀርቅሬ፣ ያንን የተሰጠኝን ወንበር ከውስጥ በኩል በሩ ላይ አስደግፌ፣ በላዩ ላይ ተቀምጬ ይህን የጻፍኩልዎ፣ ከፍ ካለ አክብሮት ጋር፣ ጡረተኛ የግብረ ገብ መምህር።

ድኅረ ጽሑፍ፦ አንድ ምስጋና ዘንግቼ ነበር። በዚያን ቀን ከቢሮዎ ስወጣ እስከ ደረጃው ድረስ ሸኝተውኝ፣ እጄን በሁለት እጅዎ ይዘው ስለ ልጅቷ ጤንነት አንድ ነገር ጠየቁኝ። እኔም ደግነትዎ ነክቶኝ እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ወረድኩ፤ የጠየቁኝ ነገር የገባኝ ከሕንፃው ወጥቼ መንገዱን ከተሻገርሁ በኋላ ነው። በጨዋታችን ሁሉ ስለ ዕቃ ቤቱ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም ነበርና። በማኅበርዎ ልማድ መሠረት አንባቢዎችም አስተያየታቸውን እንዲያካፍሉበት፣ ያሉኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ እነሆ፦ «አባባ፣ ያቺ የኋላ ክፍል መስኮት የላትም አይደል? ልጅቷን አየር እንዳያጥራት።»