የአይከልን መስመር ማን ነካው?

ምናለ፣

ውሃ ከመጣ ጀሪካኖቹን ሙላ። ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ።

የአይከል ቅርንጫፍን ከቢሯችን የሚያገናኘው የኔትወርክ መስመር፣ ታነሉ፣ የተቋረጠው በእኛ በኩል፣ መስመሮቹን በሚያገናኘው ሶፍትዌር፣ ቨርቹዋል ስዊቹ ላይ፣ የታነሉ መለያ ቁጥር ስለተሰረዘ ነው። ከሁለቱም ጫፍ ቢጠፋ መስመሩ ይሠራ ነበር፤ ከአንዱ ብቻ ሲጠፋ ግን ይሞታል።
የሰረዘው ሰው ይህን ያውቃል።
ስዊቹ ውስጥ የገባውም ትናንት ማታ በቤታችን ዋይፋይ ነው። እኔ ቢሮ ነበርሁ። አንተ ኮላ ድባ፣ ማኅበር ላይ ነበርሁ ብለኸኛል።
ይሁን።

ትናንት ቀን ቢሮ በሰው ፊት አንተ ላይ መጮኼ ግን ሸጋ አልነበረም።

አዲስ ቁጥር እዚህ አስገብቻለሁ፤ በዚያኛው ጫፍ ለማስገባት አይከል ሄጃለሁ። የስዊቹን ፓስወርድም ቀይሬ ከዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፌልሃለሁ። አዲሱን ፓስወርድ ለአለቃችን እንኳ አልነገርሁም፤ የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን።

ስመለስ ቁጥሩ ተነክቶ ካገኘሁት ለማንም አልናገርም። ብቻ አንተ ሌላ ቤት ፈልግ።

መዝሙር