በፎቶግራፍ ስለ ዳነው የልጄ ፊት

ጊንጪ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ የሕሙማን ማስተላለፊያ ኮሚቴ አባላት
አምቦ

ጓዶች ሆይ፣ ጤንነታችሁ እንደ ማኅተማችሁ የጸና፣ ዓይናችሁም ከወረቀት አልፎ የሚያይ ይሁንላችሁ እያልኩ ከልብ የመነጨ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ የጊንጪው መምህር ተሬፋ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። የቀደድኳቸው የበለጠ እውነት ነበሩ።

ልጄ ሲንቄ ሃያ ሁለት ወሯ ነው። የራስ ቅሏ አጥንቶች ያለ ጊዜያቸው ተጋጥመዋል፤ ግንባሯ ወደ አንድ ወገን አዘንብሏል፣ ግራ ዓይኗ ወደ ውጭ ተገፍቷል፣ መንጋጋዋም አይገጥምም። ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ የመጡ አንድ ሐኪም፣ የራስ ቅል፣ የዓይንና የመንጋጋ ሐኪሞች በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ካላዩአትና ሁለት ዓመት ሳይሞላት ካልታከመች ዓይኗን ልታጣ እንደምትችል ነገሩን። ሐኪሞቹ በወር አንድ ቀን አብረው ይቀመጣሉ። ወደ እነርሱ የሚያደርሰው ግን የእናንተ ወረቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ቅጻችሁ «የታመመው አካል» ለሚለው አንድ መስመር ብቻ ስለ ተወልን አመሰግናለሁ። ሦስቱንም ብጽፍ ጸሐፊያችሁ ወይዘሮ ሸዋገነት «ጓድ መምህር፣ መስመሩ አንድ ነው፤ አንዱን ይምረጡ» አሉኝ። ዓይን ብዬ ጻፍኩ። አዲስ አበባ የዓይኑ ሐኪም ዓይኗን የሚገፋው የራስ ቅሏ ነው ብለው መለሱን። ቅል ብዬ ጻፍኩ። የቅሉ ሐኪም ያለ ዓይኑ ሐኪም አልነካም አሉ። ልጄ ግን የተወለደችው በአንድ ቀን ነበር፤ ራሷም ዓይኗም በአንድ መንገድ መጡ።

ሁለተኛ፣ በሦስተኛው ማመልከቻ ላይ ጉርድ ፎቶግራፍ እንዲያያዝ ስላዘዛችሁ። ፎቶግራፍ አንሺው ኦቦ ጂራ ደግ ሰው ናቸው። የሙሽራን ጠባሳ፣ የሽማግሌን ሽብሽብ ከፊልሙ ላይ በእርሳስ ሲያጠፉ ነው የኖሩት። የልጄንም ግንባር አቃኑ፣ ዓይኗንም ወደ ቦታው መለሱ። ብጠይቃቸው «ሴት ልጅ አይደለችም እንዴ? ነገ አድጋ ታየዋለች ብዬ ነው!» አሉኝ። ኮሚቴው የሚቀመጠው በዚያው ቀን ነበርና ይዘነው ቀረብን። እናንተም በጥንቃቄ መርምራችሁ «ጉዳት አይታይባትም» ብላችሁ ማኅተም አሳረፋችሁ። ባለቤቴ ወርቅቱ ልጅቱን አቅፋ ከጠረጴዛችሁ ሁለት ክንድ ርቃ ቆማ ነበር። ልጅቱ ይህችው ናት ብትላችሁ፣ ቀና ሳትሉ «የሚታየው የተያያዘው ነው» አላችኋት።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር አይለቀኝም። ፎቶግራፉን መጀመሪያ ሳየው ደስ ብሎኝ ነበር። ለአንድ ትንፋሽ ያህል። ይህንን ለወርቅቱ አልነገርኳትም።

ሦስተኛ፣ ይግባኜን ለሰኔ ስለ ቀጠራችሁልኝ። ሰኔ ላይ ልጄ ሁለት ዓመት ይሞላታል።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወረቀቱን አስቀምጡና እርሷን እዩአት።

ቀና ብላችሁ እስክታዩን ድረስ እንደ ቆምን የምንጠብቅ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
መምህር ተሬፋ ቀንዓ

ግልባጭ፦ ልጅ ላለው ሁሉ

ማስታወሻ፦ ትናንት ቀኝ ዓይኗን በእጄ ሸፍኜ ብርቱካን ዘረጋሁላትና ጠራኋት። እጇን አላነሳችም፤ ወደ ድምፄ ዞራ ጠበቀች። እንግዲህ አትቸገሩ፤ ከሦስቱ አንዱ፣ ዓይኗ፣ ራሱን ከመስመሩ ሳያወጣ አልቀረም፤ ምርጫው ቀልሎላችኋል።