ለራሄል ያልተተከለ ድንኳን

ሰኞ፣ ጥቅ. 9። ጠዋት 2፡30

እግሬን የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ከትቼ ተቀምጫለሁ። ድሩ ከሐሙስ ጀምሮ እንደተወጠረ ነው። ሁለት ክንድ ሠራሁ፣ ተውኩት። ሠርግ የለ። ጥለት ማን ይለብሳል? ሽሮ ሜዳ ያለችው ደንበኛዬ የሙሽራ ጥለት እየቀደደች ማስክ ታሰፋለች። ቅዳሜ ዕቃ ላደርስ ሄጄ ቆሜ አየሁ። አንዲት ሴትዮ አንዱን አነሣች፣ አፏ ላይ ለካችው፣ መስታወት አየች፣ ቀለሙ አልሄደልኝም ብላ መለሰችው። ባለሱቋ መልሳ ሰቀለችው። ሌላዋ መጥታ ያንኑ ለካች። እኔ የሠራሁት ጥለት ነው። 

ስመለስ ታክሲ ውስጥ ደግሞ፣ ረዳቱ ማስኩን አገጩ ላይ አንጠልጥሎ በመስኮት ይተፋል። ተፍቶ ሲጨርስ ማስክ የሌለው አይገባም ይላል። ሰው ሁሉ ሒሳቡን ያቀብለዋል። እኔም አቀበልኩት።

ባለቤቴ ብርቄ ዛሬም አልተናገረችም። ሻይ አፍልታ አስቀምጣልኝ ወደ ጓዳ ገባች። ልጃችን ከሞተች ዛሬ 84 ቀን። ሰማንያዋን ቄሱ፣ እኔና እናቷ ሆነን አሳለፍነው። ሚስቴ እስከ ዛሬ ድምፅ አውጥታ አላለቀሰችም። ይኼ ነው የሚያስፈራኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅ. 10

አቶ ጌታሁን ዛሬ መንገድ ላይ ክርኑን ዘረጋልኝ። ክርን! ጎረቤቴ ነው፣ የእድራችን ዳኛ ነው፣ ሃያ ዓመት ትከሻ ለትከሻ ተሳስመናል። ያላየሁ መስዬ አለፍኩ።

ደብተሬ፣ ይህን ሳልነግርህ ቆይቻለሁ።  ዛሬ ከተናደድኩ አይቀር ልጻፈው።

ራሄል ከልጅነቷ አስም አለባት። ሐምሌ ላይ፣ በዚያ ብርድ፣ ትንፋሽ አጠራት። ሆስፒታል ወሰድናት። ገና ሲያስላት የኮሮና ተጠርጣሪ አሏት። ለብቻዋ አስገቧት፣ እኛን በር ላይ አስቀሩን። በሁለተኛው ቀን አለፈች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ነጭ የለበሱ ሰዎች ከዚያው ወስደው ቀበሯት። ከኛ ወገን አራት ሰው ተፈቀደ፣ እሱም በሩቁ። እናቷ ፊቷን አላየችም። በስድስተኛው ቀን ስልክ ተደወለ። ውጤቱ መጣ፣ ነጻ ናት አለችኝ ከሆስፒታል የደወለችው ልጅ። ደስ ይበልዎት በሚል ድምፅ።

የቀብሯ ዕለት ከመቃብር ስንመለስ ደግሞ የአቶ ጌታሁን ቤተሰብ ከኛ በር እስከ አስፋልቱ መንገዱን በበረኪና አጥቦት ደረስን። ብርቄ በዚያ ላይ ተራምዳ ገባች። ጫማዋ ለሳምንት በረኪና ሸተተ። በአጥር ላይ እንኳ አይዟችሁ ያለን የለም።

እድሩም አልመጣ፣ ድንኳንም አልተተከለ፣ ጥሩምባም አልተነፋ። ሕጉ ነዋ። ሕጉን ማን አወጣው? መጋቢት ላይ ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ በሽታው እስኪያልፍ ድንኳን ለማንም አይተከል ሲባል መጀመሪያ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። የእድሩ ዕቃ ጠባቂም እኔ። ዕቃ ቤቱ ከቤቴ ጀርባ፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ። ልጄ ስትሞት ድንኳኑ ከአልጋዋ አሥር እርምጃ ላይ ተጠቅልሎ ተኝቶ ነበር። አላወጣሁትም። ሕግ አክባሪ! ከሰፈሩ ሁሉ የሚያስጠላኝ ራሴ ነኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅ. 12

ሚካኤል ነው። ቤ/ክ በር ላይ ባልዲ ተቀምጧል፣ ውሃው እንደ ሽሮ ደፍርሷል። ሁሉም እጁን እየነከረ ንጹሕ ሆንኩ ብሎ ይገባል። ሳልታጠብ ውጭ ቆሜ ተሳለምኩ። ብርቄ አልወጣም አለች።

ዓርብ፣ ጥቅ. 13። ጠዋት 12፡15

ጥሩምባ። ከመጋቢት ወዲህ የመጀመሪያው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ካበቃ በኋላ እድሩ ሕጉን አንሥቶታል፣ እስካሁን ግን የሞተ አልነበረም። የሞቱት የአቶ ጌታሁን እናት ናቸው። ዘጠና አልፏቸዋል። ነፍስ ይማር፣ እሳቸው ምንም አላደረጉኝም።

ጥሩምባ ነፊው በራችን ላይ ቆሞ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ይጠይቃል። ብርቄ ከጓዳ ብቅ ብላ ዐይን ዐይኔን ታየኛለች። ቁልፉ ጠፋ ልበል? አልኩት እኮ! አፌ ላይ መጣና ጠፋብኝ አልኩ። ሰውየው ኪሴን አየ። እኔም ኪሴን አየሁ። አፈርኩ፣ ሄጄ ከፈትኩለት።

ያው ዕለት፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ድንኳኑን የተከልኩት በእጄ ነው። ካስማውን ስመታ አቶ ጌታሁን እግዜር ይስጥልኝ አለኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ዐይኑ ደርቋል።

ከቀብር ተመለስን። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጥቷል። ማስክ ግማሹ አገጭ ላይ፣ ግማሹ ኪስ ውስጥ። ንፍሮ በአንድ ሳፋ ቀረበ። እጃቸውን አልኮል እየቀቡ ከአንድ ሳፋ ይዘግናሉ። ዘወር ብዬ ተቀመጥኩ።

ልቅሶው ቀዝቃዛ ነበር። ዕድሜ ጠግበው ለሄዱ አሮጊት ማን አንጀቱ ይቆረጣል? ሰው ልቅሶ ቤት ሄዶ የራሱን ሙት ያለቅሳል፣ ይኼ የታወቀ ነው፣ እኔም ስንቱ ድንኳን ውስጥ አባቴን አልቅሻለሁ። አንዷ ወንድሟን ጠራች። አንዷ ባሏን። ከዚያ አጥር የምንጋራት ወ/ሮ አስካለ ተነሥታ ደረቷን መታች።

«ራሄልዬ! ሰው እንደሌለሽ፣ ማንም ሳይሸኝሽ!»

ጆሮዬን አላመንኩም። ሌላዋ ተቀበለቻት። ሦስተኛዋ ተነሣች። ድንኳኑ በአንድ አፍ ልጄን ይጠራል። የምር እያለቀሱ ነው፣ ይኼ ነው የባሰው፣ እንባቸው እውነት ነው። ሐምሌ ላይ የት ነበራችሁ? በራችሁን ቀርቅራችሁ፣ በቀዳዳ እያያችሁ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። በድንኳኑ ጎን ሾልኬ ወጥቼ አጥሩ ሥር አስታወከኝ። ውሃ ብቻ ወጣኝ።

ለብርቄ ልንገራት? አልነግራትም።

ቅዳሜ፣ ጥቅ. 14

ነገርኳት። ሆዴ አልቻለም።

ማን ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከሐምሌ ወዲህ የመጀመሪያ ጥያቄዋ ነው። በስም ቆጠርኩላት። አስካለ ምን እያለች እንዳለቀሰች ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ድገመው አለችኝ፣ ደገምኩት። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ጉልበቷን አቅፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«እኔ ሳልኖር?» አለች።

  ልጇን በሰው ድንኳን፣ ሰው አለቀሰላት፣ እናቷ ሁለት ቤት አልፎ ጓዳ ውስጥ ተቀምጣ። ከበረኪናውም ከክርኑም ይኼ ከፋ። ሕጉን ሳወጣ ይህ አልታየኝም።

ከሰዓት ሽመና ሞከርኩ። ማጉ ሦስቴ ተበጠሰ።

እሑድ፣ ጥቅ. 15። ጠዋት 3 ሰዓት

ዛሬ የአሮጊቷ ሠልስት ነው። ድንኳኑ ይነሣል። ጎሕ ሲቀድ ብርቄ ቀሰቀሰችኝ። ለብሳ ጨርሳለች። ሲነሣ ወደ ዕቃ ቤት አትመልሰው አለችኝ። ወዴት ልውሰደው ብዬ አልጠየቅኋትም።

ድንኳኑን ስናፈርስ ምሶሶዎቹን ተሸክሜ ዕቃ ቤቱን አልፌ በራችን ላይ ጣልኳቸው። አቶ ጌታሁን ተከትሎኝ መጣ። ማን ሞተባችሁ አለ። ልጄ አልኩት። ይኼ እኮ ሦስት ወር ሊሞላው ነው፣ ኮሚቴው ይሰብሰብና እንነጋገርበት አለ። ያንተ እናት ኮሚቴ ጠብቀዋል ወይ አልኩት። በረኪናውን ማንሣት ፈልጌ ነበር፣ ሳየው ግን ሽበቱ፣ የሦስት ቀን ጺሙ... ተጸየፍኩት፣ ደግሞም አሳዘነኝ። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚሆኑ እንጃ።  ከዚያ ጎንበስ ብሎ የምሶሶውን አንድ ጫፍ ያዘ። አልከለከልኩትም። ይቅር አላልኩትም።

ቆመ። ድንኳኑ ትንሽ ወደ ግራ አዘንብሏል፣ ይሁን።

ወስኛለሁ። ሦስት ቀን ይቆማል። ከሦስተኛው ቀን በኋላ ቁልፉን ለኮሚቴው አስረክባለሁ፣ ሌላ ሰው ይጠብቅ። የሚመጣ ይምጣ፣ ተቀይሜም ቢሆን አስቀምጠዋለሁ። ንፍሮ ግን በየሰሃኑ።

ብርቄ ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃ ወጣች። ከድንኳኑ መሐል ቆመች። እዚህ ሆኜ በመስኮት አያታለሁ። አንድም ሰው ገና አልመጣም። አፏን ከፈተች፣ ድምፅ የላትም። ደገመች።

ጀመረች። የልጇን ስም ትጠራለች። ይህ ድምፅ የሚስቴ ነው? የአስካለ በር ሲከፈት ሰማሁ። ደብተሬ ልሂድ፣ ቀድመውኝ እንዳይደርሱ፣ ብቻዋን አታልቅስ።