ከባቡር ስትወርድ የት እንደምትበላ

ኅዳር ፳፪ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.
ከኡራኤል ታች

ይድረስ ለልጄ አባት፣ ድሬዳዋ።

ከሞት አፋፍ መልሶ በወረቀት ሰላም ለመባባል ላበቃን አምላክ ምስጋና ይግባውና እንደምን አለህ? የእግርህ እብጠት ጎደለ ወይ? ትኩሳቱስ ለቀቀህ? እኔ ደህና ነኝ። ልጅህ ወርቄም ደህና ናት። ቁመቷ ትከሻዬ ላይ ደርሷል፣ ግንባሯና ግትርነቷ ያንተው ነው። ጎረቤቱም የቀረው ቀርቶ ያለው ደህና ነው።

ደብዳቤህ የደረሰኝ በኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው። ያመጣልኝ አጽብሃ የሚባል የሐማሴን ሰው ነው፤ የጭነት መኪና እየነዳ ድሬዳዋ ይመላለሳል፣ አዲስ አበባ ሲሆን እኔ ዘንድ ይበላል። ወረቀቱን ሲሰጠኝ ምሳ እያቀረብኩ ነበር። ጽሕፈትህን ሳይ ጭልፋው ከእጄ ወደቀ፤ መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። በላተኞቹ መርዶ የመጣብኝ መስሏቸው ምሳቸውን ትተው ሊያጽናኑኝ ተነሡ። ሁለቱ አብረውኝ አለቀሱ። የሞተው ሰው በሕይወት አለ ብላቸው ያበድኩ ይመስላቸው ነበርና ዝም ብዬ አስለቀስኳቸው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ እኔ ግን ከሥሩ መጀመር አቅቶኛል። ባቡር ሳትሳፈር ልታውቀው የሚገባ ነገር አለ። ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰማው ብዬ ነው የምጽፈው። እስክደፍር ድረስ ግን የጠየቅኸኝን ልመልስልህ። ለጸሐፊም አልሰጠሁትም፣ በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት። አባቴ ዳዊት ያስደገመኝ ለዚህ ቀን ኖሯል። ፊደሌ ቢንጋደድ እንዳትስቅብኝ።

በበረሃው እስር ቤት ቀትር ላይ ጥላ ሥር ተሰብስባችሁ፣ አንዱ ለሌላው የአዲስ አበባን ምግብ ቤት እያወራ ያበላው እንደነበር ጽፈህልኛል። ያንተ ተራ ሲደርስ እስረኛው ሁሉ ጸጥ ብሎ ያዳምጥህ ነበር አልክ። አምናለሁ። ስለ ምግብ ስታወራ ጠግቦ የተነሣን ሰው ታስርብ ነበር። ሰባት ቤት ቆጥረህ፣ እነዚህ አሉ ወይ፣ አዲስስ የተከፈተ አለ ወይ፣ ስመጣ በየትኛው ልጀምር ብለኸኛል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከሰባቱ ውስጥ የኔ ጓዳ የለም። አልተቀየምኩም። ዋሸሁ፣ ተቀይሜያለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ወጥ ሠርቼ ስጠብቅህ፣ ከጓደኞችህ ጋር በልተህ እየመጣህ የኔን ለነገ ይሆናል ትለኝ ነበር። የሰው ወጥ ለምን እንደሚጣፍጥህ ጠይቄህ አላውቅም፤ ዛሬም አልጠይቅህም።

ለማንኛውም ከሰባቱ አራቱ የሉም። የወይዘሮ ቡዜ ጠጅ ቤት በየካቲቱ እሳት ከነሠፈሩ ነደደ፤ እሷንም ከዚያ ወዲህ ያያት የለም። በጊዮርጊስ በኩል የነበሩት ሦስቱ፣ የአገሬው ሰው ወደ አዲሱ ገበያ ይሂድ ተብሎ ፈረሱ። ቁርጥ የምትወድበት ቤት ቆሟል፣ ባለቤቱ ግን ተለውጧል፤ ቢላዋውም ደንዝዟል ይላሉ። የቀሩትን ሁለቱን አላውቃቸውም። ሴት የማይገባባቸው ቤቶች ስለሆኑ ምስክር ልሆን አልችልም።

ስለዚህ እኔ የማውቀውን ልንገርህ። ከባቡር ስትወርድ ከለገሃር በቀጥታ ወደ ቂርቆስ ሂድ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ትርሓስ የምትባል የአጋሜ ሴት ምግብ ቤት አላት። የመጀመሪያውን ሳምንት እዚያ ብላ። ቀጠን ያለ ሽሮ በነጭ ሽንኩርት አድርጋ ታቀርብልሃለች። ጾሙ ባይሆን እንኳ ሥጋ እንዳትነካ። ካንተ በፊት ከዚያው በረሃ የተመለሰ አንድ ሰው፣ ዘመዶቹ ደስ ብሏቸው በመጣበት ቀን ጮማ አበሉት፤ በሦስተኛው ቀን ቀበርነው። አንጀትህ ሲጠነክር ጥሕሎ አስሠራት። የገብስ ዱቄት አቡክታ ትንንሽ አድርጋ ታድበለብለዋለች፣ አንተ በቀጭን እንጨት እየወጋህ ወጥ ውስጥ ትነክራለህ። ትርሓስ ምላሷ ክፉ ነው፤ ትራፊ የተወን ሰው እስከ ሰባት ቤቱ ትሰድባለች። አንተን ግን አትሰድብህም፣ ነግሬአታለሁ።

ከዚያ ወደ ኡራኤል በሚያወጣው መንገድ አንድ የሐረር ሰው ሻይ ቤት ከፍቷል። ጠዋት ጠዋት ፉል አለው፣ ዘይትና ቃሪያ አብዝቶበት ከትኩስ ዳቦ ጋር። የእሱን ሥጋ እኛ አንበላም፣ እሱም የኛን አይበላም፤ ፉሉ ላይ ግን ሁላችንም እንገናኛለን። በጾም ወራት ከቅዳሴ የወጣው ሁሉ እሱ ደጅ ነው የሚሰለፈው። ሰውየው ሰላምታ ላይ ቁጥብ ነው፣ ዳቦ ላይ ግን እጁ አያጥርም።

በአዲሱ ሠፈር ስላለው ቤትም ሳትሰማ አትቀርም። ካዛንችስ ይሉታል። ለጣልያን ሹማምንትና ጸሐፊዎች የሠሩት ነው፤ ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ሰዎቹ ሲሰክሩ የጎረቤት በር ያንኳኳሉ አሉ። መካከሉ ላይ ምግብ ቤት አለ። እኛ አንገባም፣ ክልክል ነው። እኔ በጓሮ በር እንቁላል እሸጥላቸዋለሁ። ወጥ ቤት ውስጥ ለምለም የምትባል የሠፈራችን ልጅ አለች፤ አንድ ቀን በቲማቲም ወጥ የተሠራ መኮረኒ በሳህን አቀመሰችኝ። ረቡዕ ነበር። አይብ እንዳለበት የነገረችኝ ከዋጥኩት በኋላ ነው። ንስሐ አባቴ አርባ ስግደት ሰጡኝ። ይጣፍጣል፣ አርባ ስግደት ግን አያወጣም። አንተ በዚያ በር እንዳታልፍ። ሽታው ያስቆምሃል፣ እዚያ የቆመ ሰው ደግሞ ይያዛል። አንድ ጊዜ የታሰርከው ይበቃል።

ይኸው እየጻፍኩ ኡራኤል ደረስኩ። የቀረኝ አንድ ቤት ነው፣ እሱም የኔ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ስትወርድ፣ የካዛንችስ ግንበኞችና ሾፌሮች በቀትር የሚርመሰመሱበት ቤት። ስም አላወጣሁለትም ነበር። ሠራተኞቹ ግን ተዝካር ቤት ይሉታል። መንገደኛ ብትጠይቅ፣ ደህና ወጥ ካማረህ ተዝካር ቤት ሂድ ይልሃል። ተዝካሩ የማን ነው ብለህ እንዳትጠይቅ ነው አሁን የምነግርህ።

ያንተ ነው።

ከታሰርክ በኋላ ከየካቲት እስከ ጳጉሜ ድረስ ቃልህ አልተሰማም። የዛሬ ሁለት ዓመት በመስከረም ጉርሜሳ መጣ። አብሮህ ታስሮ የነበረው ጉርሜሳ፣ አንተ የት እንደገባ አላውቅም ያልከኝ እሱ ነው፤ ቀድመው ለቀውት ኖሯል። አጥንቱ ብቻ ቀርቶ፣ ካፖርትህን በክንዱ ይዞ ደጄ ላይ ቆመ። በሽታ የጨረሳቸውን ሰዎች አሸዋ ሲያለብሱ ደርሼ አንዱን ፊቱን ሸፍነውት አገኘሁት፣ የለበሰውን ካፖርት ግን አውቀዋለሁ ብሎ ነገረኝ። እኔም አወቅሁት። የግራ እጅጌውን ጫፍ በራሴ እጅ የጠቀምኩት ነው። አንተ ካፖርትህን ለአንድ እስረኛ በሁለት ዳቦ እንደለወጥክ የጻፍክልኝ ገና አሁን ነው። ልበስ ወይም ብላ ቢሉህ መብላትን እንደምትመርጥ ማወቅ ነበረብኝ። ካንተ ጋር ስድስት ዓመት ኖሬ ይህን አለማሰቤ ይቆጨኛል።

ጉርሜሳን አትቆጣው። ሬሳ የሌለው ለቅሶ በምን ይለቀሳል? ካፖርትህን አልጋ ላይ ዘርግተን ሦስት ቀን ተቀመጥን። ሰዉ እየገባ እጅጌውን እየያዘ አለቀሰ። ወርቄ ኪሱ ውስጥ እጇን ከታ ስትፈልግ አገኘኋት፤ ከረሜላ ታመጣላት ከነበረበት ኪስ።

በጥቅምት፣ ጾሙ ሳይገባ፣ ተዝካርህን አወጣሁ። አምባሬን ሸጬ በሬ ገዛሁ። አንተ የምትወደውን ወጥ ሁሉ አንድ ሳይቀር ሠራሁ። ለነፍስህ ብዬ ነው፤ እልህም ነበረበት። የሰው ወጥ ትወድ ነበርና፣ ከሁሉም የሚበልጥ ሠርቼ ሳትቀምሰው ቀረህ ብዬ በጭሱ መሐል ሰደብኩህ። ካህናቱ በሉ፣ ተማሪው በላ፣ ነዳያን በሉ፤ የካዛንችስ ግንበኞችም ሽታው ጠርቷቸው መጡ። ከነሱ አንዱ፣ ለሞተ እንዲህ ካበላሽ ለቆመው ብታበይ ምናለበት አለኝ። ያኔ ተቆጣሁት። በሳምንቱ ግን በተረፈው በርበሬና ከማኅበር በተዋስኩት ድስት ጀመርኩ። እኔና ልጅህ ያልተራብነው በዚያ ነው።

በሬውን ያረደው ባይሳ የሚባል የሱሉልታ ሰው ነው። ለአራጅ የሚገባውን ድርሻ ስሰጠው፣ ባሏ ከሞተባት ሴት ቤት ሥጋ ይዤ አልወጣም ብሎ ትቶት ሄደ። በማግስቱ ድንኳኑን ሊያፈርስ ተመለሰ። በሌላው ቀን እንጨት ሊፈልጥ። ነገር አያበዛም፤ አንተ በአንድ ማዕድ የምታወራውን እሱ በዓመት አይጨርሰውም። ሥጋ ሲቆርጥ ግን በዚህ ከተማ የሚተካከለው አላየሁም። ከገና በኋላ ቁርጥ ቢያምርህ፣ የድሮውን ቤት ተውና የሱን እጅ ቅመስ። ይህን የምለው ስለ ሥጋው ነው፣ እውነት ስለሆነ። ወርቄ ጋሼ ትለዋለች። አባባ ብላው አታውቅም፤ በይውም አላልናትም።

ፊደል አይቆጥርም። የመጣውን ወረቀት እንዳነብለት ለመነኝ፣ እስከ መጨረሻው አነበብኩለት፤ ሚስቴ ሆይ ያልክበትን ሳይቀር። ሲያልቅ ተነሥቶ እጁን ታጠበ፤ ምሳውን ግን አልነካውም። የቤቱ ጌታ ከመጣ እኔ ሱሉልታ እገባለሁ፣ ቢላዋ እዚያም አያጣኝም አለ። እኔ ለነገ የሚሆን እንጨት እንዳልተፈለጠ ነገርኩት። መጥረቢያውን አንሥቶ ሄዶ ፈለጠ።

አንተና እኔ በሰማንያ ነበርን። ለፋሲካ እንቆርባለን እያልክ ስድስት ፋሲካ አሳለፍክ፤ ሁልጊዜም የምትበላው ነገር ይቀድምብህ ነበር። ባለፈው ፋሲካ ኡራኤል ቆርቤያለሁ። ብቻዬን አልነበርኩም። ንስሐ አባቴ በሕይወት መኖርህን ገና አልሰሙም። ሲሰሙ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም፤ በአርባ ስግደት የሚያልፍ ግን አይመስለኝም። እነግራቸዋለሁ። መጀመሪያ ላንተ መንገር ነበረብኝ።

ብትቆጣ አልፈርድብህም። በደሌ ምን እንደሆነ ራሴን ጠይቄ አላገኘሁትም፤ ያንተም በደል የለም፣ ርቦህ ነው። በሕይወት በመኖርህ ደስ ብሎኛል። ይህን እግዚአብሔር ያውቀዋል፣ በየቀኑም አመሰግነዋለሁ። ግን እኔ አንተን አልቅሼ ጨርሻለሁ። እንባዬም ቤቴም ሌላ ሆኗል። ያለቀሱለትን ሰው እንደገና እንዴት በር ከፍተው እንደሚጠብቁት የሚያውቅ ካለ ያስተምረኝ፤ እኔ አልቻልኩበትም።

የምትመጣበትን ቀን በአጽብሃ ላክልኝ። ወርቄ ለገሃር መጥታ ትቀበልሃለች፤ ከአሁኑ ቀሚሷን አጥባ አስቀምጣለች። እኔ አልመጣም። ከትርሓስ ቤት አጠገብ አንድ ክፍል አስጠርጌልሃለሁ፣ አልጋና ብርድ ልብስ አስገብቻለሁ። ልጅህ በፈለግህ ቀን ካንተ ጋር ትውላለች፣ ማንም አይከለክልህም። ተዝካር ቤትም መምጣት ቢያሰኝህ ና። ከሰው ጋር ትቀመጣለህ፣ ከሰው እኩል ይቀርብልሃል፤ እጅህን የማስታጥብህ እኔ ነኝ።

ደብዳቤህን ካነበብኩ ጀምሮ አንድ ነገር ሳስብ ሰነበትኩ። ባል ከመንገድ ሲመጣ የት ልብላ ብሎ ቢጠይቅ፣ ሚስት የምትመልሰው አንድ ቃል ብቻ ነው። እኔ ይኸው አራት ገጽ ጻፍኩልህ።

ጠባቂ መልአክህ በባቡሩም በመንገዱም አይለይህ። እግርህን ያጽናልህ፣ የቀረው ዘመንህ የጥጋብና የሰላም ይሁን፣ የልጅህን ወግ ማዕረግ ለማየት ያብቃህ።

የወርቄ እናት