ቤታችሁ ሞቃት ነው ላላችሁን፣ ከነብርዱ የተላከ ምስጋና

ለተከበረው የቤት ማሞቂያ ማሻሻያ ድጎማ ክፍል፣
ዴን ሃግ (ዘ ሄግ)፣ ኔዘርላንድ

ክቡራን ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብታችኋል? ጤናችሁ፣ ቤተሰባችሁ፣ በተለይም የቢሯችሁ ማሞቂያ ደኅና ነው? እኛ ትራንስቫል ሰፈር ያለነው፣ ከእናቴ ሳል በቀር፣ አላህ ይመስገን ደኅና ነን።

ይህን የምጽፍላችሁ፣ አሮጌውን የጋዝ ማሞቂያችንን በሙቀት ፓምፕ ለመቀየር የጠየቅነውን ድጎማ፣ ቤታችሁ በቂ ሙቀት ስላለው ቅድሚያ አይገባችሁም ብላችሁ በትሕትና ስለነፈጋችሁን፣ በዚያው ትሕትና ላመሰግናችሁ ነው።

አንደኛ፣ ተቆጣጣሪያችሁ የሚመጡበትን ቀን ቀደም ብላችሁ ስላሳወቃችሁን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እኛ ወሎዬዎች እንግዳ ይመጣል ከተባልን የቤታችንን ገመና ሳንሸፍን በር አንከፍትም። ስለዚህ ከጎረቤቴ ከየትነበርሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ተውሼ ከሶፋው ጀርባ ደበቅሁ፤ የኦቨኑን በር ከፍቼ ለኮስሁት፤ የግድግዳውን ሻጋታ በአዲስ መጋረጃ ጋረድሁ፤ ብርድ ልብሶቹን አልጋ ሥር ወሸቅሁ። እናቴንም ጋቢሽን አውልቂ፣ ሰውዬው እስኪሄዱ ሳልሽን ዋጥ አድርጊው አልኋት። ይህን ስጽፍ ፊቴ በሀፍረት ይቃጠላል፤ በቤታችን ውስጥ የሞቀ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ተቆጣጣሪያችሁ ስላሳዩን ጨዋነት። ጃኬታቸውን አውልቀው፣ ላባቸውን እየጠረጉ ሳምቡሳቸውን በሉ፤ ከጋዝ ማሞቂያው ጋር የተያያዘውን የግድግዳ ራዲያተር ግን መንካት ነውር መስሎ ስለታያቸው ሳይሆን አይቀርም፣ ጫፉን እንኳ ሳይነኩ ወጡ። ቢነኩት ኖሮ እጃቸው ይነግራቸው ነበር። ይበርዳችኋል ወይ ብለው ሲጠይቁን፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገችው ልጄ ሃፍሳ እውነቱን ልትናገር አፏን ከፈተች። በዓይኔ ገሠጽኋትና ኧረ በፍጹም ብዬ እኔው መለስሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልሁ ሌላውን ስመክር የኖርሁት እኔ ነኝ።

ሦስተኛ፣ በውሳኔያችሁ ግርጌ ሙቀቱን አንድ ዲግሪ ቀንሱ፣ ሹራብም ደርቡ ብላችሁ ስለመከራችሁን። ሹራቡን ደርበናል። ዲግሪውን ከየቱ ላይ እንደምንቀንስ ግን የሚያሳየን ባለሙያ ብትልኩልን ደስ ይለናል።

ሰውዬው እንደወጡ የተዋስሁትን ማሞቂያ መለስሁ። እናቴ ጋቢዋን መልሳ ለብሳ፣ ያፈርሽው በብርዱ ነው ወይስ በእኔ ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ይህን ደብዳቤ ልጽፍ ተቀመጥሁ። በእናንተ ላይ እንዲህ የምጮኸውም ለእሷ የምሰጠው መልስ ስላጣሁ ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ ለሞቃቱ ቤታችን ስላደረጋችሁት ጥንቃቄ እጅ እየነሳሁ፣ ጓንቴን ሳላወልቅ የምፈርም፣

አክባሪያችሁ
ሙሂባ ሳሊሕ

ማሳሰቢያ፦ ተቆጣጣሪያችሁን እባካችሁ በድጋሚ ላኩልን፤ ቀኑን ግን አትንገሩን። በር የምትከፍትላቸው እናቴ ናት። እሷ ጋቢዋን አታወልቅም፤ እሳቸውም ጃኬታቸውን ባያወልቁ ይሻላቸዋል።